ከእንጦጦ የወረደ ድምፅ

መሪ ካለው አዳራሻችን ደጃፍ ቆሞ ወደ ሰሜን የተመለከተ ሰው መጀመሪያ የየካን ተራራ ያያል። ዓይኑን ወደ ግራ ሲያሻግር ደግሞ ባሕር ዛፍ የለበሰው የእንጦጦ ሰንሰለት ይታየዋል። ልጆች ሳለን ያ ተራራ ለእኛ ዝናብ የሚመጣበት አቅጣጫና እንጨት የተሸከሙ እናቶች የሚወርዱበት ዳገት ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አናስብበትም። ስለ ተራራው ሌላ ነገር እንዳስብ ያደረገኝ አንድ የኪቦርድ ድምፅ ነው።

ባለፈው ዓመት በአንድ የቅዳሜ ልምምድ ላይ ኪቦርድ የሚጫወተው ወንድማችን አዲስ ድምፅ ጭኖ መጣ። ቁልፉን ገና ሲነካው የንብ ቀፎ የተከፈተ ይመስል ወፍራም፣ የሚያንዘረዝር ድምፅ አዳራሹን ሞላው። "በገና ነው!" አለ ደስ ብሎት። ከመዘምራኑ አንዲት እህት ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በልጅነቷ በዐቢይ ጾም አያቷ ቤት ስትሰማው ያደገችው ድምፅ ነበርና። ልምምዱን ሊያዩ መጥተው የነበሩት አንድ ሽማግሌ ግን ፊታቸው ተለወጠ። "ልጄ፣ ይሄ የእኛ አይደለም" አሉት። እሱም በትሕትና፣ ግን ቶሎ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ዳዊት የደረደረው ታዲያ የማን ሊሆን ነው?" አላቸው። ሽማግሌው ዝም አሉ። ልምምዱ በጊታር ቀጠለ።

ሁለቱም እውነት የያዙ ይመስለኛል። ከዚያ ድምፅ በስተኋላ ያለውን ታሪክ ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም፤ እኔም አላውቀውም ነበር። እያነበብኩና እየጠየቅሁ ስሄድ ታሪኩ ሩቅ አገር አልወሰደኝም። ከደጃፋችን ወደሚታየው ተራራ መለሰኝ።

አስቀድሜ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። በገና ከሀገራችን ባለ አውታር መሣሪያዎች ትልቁ ነው። ሁለት ምሰሶዎች፣ እነሱን ከላይ የሚያያይዝ ቀንበር፣ ከታች ቆዳ የተለበጠ የእንጨት ገበቴና ከበግ አንጀት የተሠሩ ዐሥር አውታሮች አሉት። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል። ደርዳሪው ተቀምጦ በግራ ጎኑ ያስደግፈውና በግራ እጁ ጣቶች ይደረድረዋል። ያ የሚያንዘረዝር ድምፅ የሚመጣው እንዚራ ከሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ነው። እያንዳንዱ አውታር ብርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ አንድ እንዚራ ከሥሩ ይገባል፤ አውታሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካካ ይንቀጠቀጣል። እንዚራው ከቦታው ትንሽ ከተንሸራተተ ድምፁ ይደነዝዛል። ስለዚህ ደርዳሪ መዘመር ከመጀመሩ በፊት ብዙ ጊዜ ወስዶ ሲቃኝና ሲያስተካክል ይቆያል፤ የሚሰማውም ሰው ያንን ዝግጅት አብሮ ይጠብቃል። ሌላም የገረመኝ ነገር አለ። ዐሥሩም አውታሮች ሁልጊዜ አይመቱም። በጣት በሚደረደርበት ስልት ድምፅ የሚሰጡት ስድስት ያህሉ ናቸው። የቀሩት፣ ጣት ጎረቤቱን አውታር ከመታ በኋላ የሚያርፍባቸው ናቸው።

በገና የቅዳሴም የማኅሌትም መሣሪያ አይደለም። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት የሚቆመው በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ነው። በገና የቤት ነው። አንድ አባት በጾም ወራት፣ ማታ፣ ብቻውን ወይም ቤተሰቡን ሰብስቦ ይደረድረዋል። ግጥሞቹ ስለ ሞት፣ ስለ ንስሐ፣ ስለ ዓለም ከንቱነት ናቸው፤ ብዙዎቹም ሰምና ወርቅ አላቸው። ሰርግ ላይ አይሰማም፤ ማንም አይጨፍርበትም። መሰንቆ የአዝማሪ፣ ክራር የጠጅ ቤት ተብለው ሲናቁ በገና በመኳንንትና በሊቃውንት ቤት ተከብሮ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ትውፊት እንደሚለው ከኢየሩሳሌም ያመጣው የሰሎሞን ልጅ ቀዳማዊ ምኒልክ ነው። ትውፊቱን እንደ ትውፊት እንያዘው። ያም ሆኖ ሕዝቡ መሣሪያውን "የዳዊት በገና" ብሎ ሲጠራ፣ ዐሥሩን አውታሮች በዐሥርቱ ትእዛዛት ሲመስል ብዙ ዘመን ኖሯል።

ወደ ተራራው ልመለስ። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። ባለቤታቸው እቴጌ ጣይቱ ራሳቸው በገና ደርዳሪ ነበሩ። ቤተ መንግሥቱ ወደ ታች ወረደና አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ እንጦጦ ላይ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ባሕር ዛፉና የነዋሪው መንደር ቀሩ። ለእኔ ግን በእንጦጦ ታሪክ ውስጥ ከዘውዱ ይልቅ የሚደንቀኝ ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ ያለ ነጋሪትና ያለ ሰልፍ የሆነ አንድ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950 እንጦጦ ላይ ዓለሙ አጋ የሚባል ልጅ ተወለደ። ልጁ 12 ዓመት ገደማ ሲሆነው አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የሚባሉ የታወቁ የበገና መምህር ወደ ሠፈሩ መጥተው መኖር ጀመሩ። ልጁ ድምፁን ሰማ፤ ልቡ ተያዘ፤ ከእሳቸው እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ። ታሪኩ ይኸው ነው። ጎንደር ወይም ጎጃም ድረስ ትምህርት ፍለጋ አልተሰደደም። በገናው ራሱ ዳገቱን ወጥቶ መጣለት። አለቃ ተሰማ በዚያ ዓመት ሌላ ሠፈር ቤት አግኝተው ቢሆን ኖሮ እያልኩ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ። በገና በኖታ ተጽፎ የሚቀመጥ ሙያ አልነበረም። ከሰው ጣት ወደ ሰው ጣት፣ ከጆሮ ወደ ጆሮ የሚተላለፍ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ትውልድ "ይለፈኝ" ካለ የሚቀጥለው ትውልድ የሚጠይቀው ሰው አያገኝም።

እ.ኤ.አ. በ1972 የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገናን በመደበኛነት ማስተማር ጀመረ፤ ዓለሙ አጋም እዚያ መምህር ሆኑ። በዩኒቨርሲቲ የተማሩት ጂኦግራፊ ነው፤ ሙያቸው ግን ከእንጦጦ ይዘውት የወረዱት ሆነ። በዚያው ዘመን አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ሲንቲያ ሴ ኪምበርሊን ድምፃቸውን ለዩኔስኮ የሙዚቃ ስብስብ ቀዳች። በሬዲዮም በጾም ወራት በገና ይሰማ ነበር። ድምፁ ከመኳንንት እልፍኝ ወጥቶ ወደ ሕዝቡ ሬዲዮ፣ ከአባት ጭን ወርዶ ወደ ክፍል ውስጥ እየገባ ነበር።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ደርግ ለሃይማኖት የነበረውን ፊት ታውቃላችሁ። በገና ደግሞ ሁለት ወንጀል ነበረበት፤ ጸሎት ነው፣ የመኳንንትም ነው። ከሬዲዮ ጠፋ። ዓለሙ አጋ እ.ኤ.አ. በ1980 ከትምህርት ቤቱ ለቀቁ፤ ኋላም ፒያሳ ሱቅ ከፍተው መተዳደሪያቸውን አገኙ። በገናውን ግን አልተዉትም። ሌሎችም በየቤታቸው ያልተዉ ደርዳሪዎች ነበሩ፤ ያተረፉት እሳቸው ብቻ ናቸው ማለቴ አይደለም። ቢሆንም አንድ ጥንታዊ መሣሪያ በስንት ሰዎች ጣት ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር አስቡት።

እዚህ ላይ ያ በልምምድ ሰዓት የተነሣው ጥያቄ መልኩን ቀየረብኝ። ምክንያቱም በገና ከሬዲዮ በጠፋበት ዘመን ሌላም የዝማሬ ድምፅ ጠፍቶ ነበር፤ እሱም የእኛው ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን የነገሩንን እናስታውስ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. የሙሉ ወንጌል ወጣቶች አኮርዲዮንና ጊታር ይዘው በአማርኛ አዲስ ዝማሬ ጀመሩ፤ የአዲሱ ወርቁ መዘምራን ስም እስከ ዛሬ ይነሣል። ቤተ ክርስቲያኒቱ በንጉሡ ዘመን ተዘግታ አባላቷ ታስረዋል። ደርግ ሲመጣ ደግሞ ጭቆናው ለሁሉም ደረሰ። የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በ1969 ዓ.ም. ተወረሰ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት ታሰረ፤ መዝሙሮቹ ግን በካሴት እየተባዙ ከእጅ ወደ እጅ አገሩን ዞሩ። በየቤቱ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነበር የሚዘመረው።

እንግዲህ በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ዘመን፣ በአንዱ ቤት አንድ አባት በገናውን ጎረቤት እንዳይሰማ በቀስታ ይነካካል፤ በሌላው ቤት ወጣቶች ጊታራቸውን በጨርቅ አፍነው ይዘምራሉ። ሁለቱ ቤቶች ግድግዳ ይጋሩ ይሆናል። የሚፈሩት አንድ ቀበሌ ነው። እርስ በርስ ግን አይተዋወቁም፤ ምናልባትም አይዋደዱም። ይህ ምስል ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።

በገናን ዝም ያሰኘው ደርግ ብቻ ነው ብዬ ብጽፍ ግን ራሴን እሸውዳለሁ። እኛም ድርሻ አለን። በእርግጥ በገናን ማንም ወንጌላዊ ከሬዲዮ አላስወረደም። ነገር ግን የአገራችንን መሣሪያ ሁሉ ከነዜማው "ዓለማዊ" ብለን በአንድ ከረጢት የጠቀለልንበት ዘመን ነበር። መሰንቆ የያዘ ሰው ሲያምን የሚጠበቅበት የመጀመሪያ ምስክርነት መሰንቆውን መተው ነበር። ጊታርና አኮርዲዮን ያለ ችግር ገቡ፤ እኔ እንደሚመስለኝ ንጹሕ ስለነበሩ አይደለም፣ ጠጅ ቤት ውስጥ ስላላየናቸው ነው። ጊታር በሌላው ዓለም ምን ዓይነት ቤት ውስጥ ሲጮህ እንደሚያድር አባቶቻችን ቢያዩ ኖሮ እሱም አይገባም ነበር!

የችግሩ አንዱ ሥር ቃላት ውስጥ ነው። "መዝሙር" ቅዱስ፣ "ዘፈን" ኃጢአት ብለን እንለያለን። ገላትያ 5፥21 ላይ ከሥጋ ሥራዎች መካከል "ዘፋኝነት" የሚለውን ቃል ያላነበበ ወጣት በመካከላችን የለም። ከሥሩ ያለው የግሪክ ቃል ስለ ስካርና ቅጥ ስላጣ ፈንጠዝያ የሚናገር መሆኑን ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? በግእዝ "ዘፈነ" መሠረቱ መጨፈር፣ መዝለል ነው፤ ዳዊት በታቦቱ ፊት ያደረገው እሱን ነው። "አዝማሪ" እና "ዘማሪ" ደግሞ የአንድ ግሥ ልጆች ናቸው። አንዱ ጠጅ ቤት፣ አንዱ መድረክ ላይ ቆመው የማይተዋወቁ የሚመስሉት ወንድማማቾች ናቸው። ይህን የምለው ልዩነት የለም ለማለት አይደለም። ለምን እንደሚዘፈን፣ ለማን እንደሚዘመር ልዩነት አለው። ነገር ግን ልዩነቱን እንጨትና ጅማት ላይ መለጠፍ ቀሎን ነበር።

ደግሞም አስገራሚው ነገር ዜማውን መጣል አለመቻላችን ነው። አኮርዲዮኑ የውጭ ነው፤ የሚጫወተው ቅኝት ግን ትዝታ ነው፣ ባቲ ነው፣ አምባሰል ነው። መሰንቆውን ደጅ አስቀምጠን ድምፁን በጉሮሯችን ይዘነው ገባን።

ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ወንጌላዊ መነቃቃት የአንድን ሕዝብ ዘፈን ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ለማየት ኮርንዎልን የመሰለ ምሳሌ አላገኘሁም። ኮርንዎል በብሪታንያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ወደ ባሕር የምትዘረጋ ምድር ናት። ሕዝቧ ከእንግሊዝኛ የተለየ የራሱ ቋንቋ ነበረው፤ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከዕለት ንግግር ጠፋ። በዚያው መቶ ዘመን፣ በ1743፣ ጆን ዌስሊ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ ሄዶ ለቆርቆሮና ለመዳብ ማዕድን ቆፋሪዎች ሰበከ። ከዚያም ደጋግሞ ተመላለሰ። ቆፋሪዎቹ በብዛት አመኑ፤ በየመንደሩ ጸሎት ቤት ተሠራ። መጠጥ ቤቱ፣ ትግሉ፣ የበዓል ጭፈራው የአሮጌው ሕይወት ምልክት ሆኖ ተቆጠረ። በፓድስቶ ከተማ በየዓመቱ ግንቦት መግቢያ በእንጨት ፈረስ የሚጨፈር በዓል አለ። በ1840ዎቹ የስካሩ ነገር ያሳሰበው አንድ ባለጠጋ ነጋዴ "ይህን ፈረስ ተዉልኝና በየዓመቱ የሚጠበስ ሰንጋ እሰጣችኋለሁ" ብሎ ለከተማው ሰው ቃል ገባ። ሰዉ ሰንጋውን ትቶ ፈረሱን መረጠ፤ እስከ ዛሬም ይጨፍራል። እኛ አገር ቢሆን ሰንጋ እንቢ የሚል ከተማ ይገኝ ነበር ወይ? እጠራጠራለሁ።

ጸሎት ቤቶቹ ጭፈራውን ቢገፉም ዝማሬን ግን አጥብቀው ያዙ። ከማዕድን ቆፋሪዎቹ አንዱ ቶማስ ሜሪት (1863–1908) ሕመምተኛ ሰው ነበር፤ ከጉድጓዱ ወጥቶ ሙዚቃ ተማረና የገና መዝሙሮችን ደረሰ። ማዕድኑ ሲነጥፍ ሕዝቡ ተሰደደ፤ ወደ ደቡብ አውስትራሊያ፣ ወደ ካሊፎርኒያ። በካሊፎርኒያዋ ግራስ ቫሊ ስደተኞቹ የወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ወርደው የገና መዝሙር ይዘምሩ ነበር። ቋንቋቸውን አጥተዋል፤ አገራቸው ርቋል፤ የት መጣችሁ ቢባሉ የሚመልሱት በዚያ ዝማሬ ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን ቋንቋውን ከመጻሕፍት የሚያነሡ፣ የተረሱ ዜማዎችን ከሽማግሌዎች የሚለቅሙ ሰዎች ተነሡ፤ በ2014 የብሪታንያ መንግሥት ለኮርንዎል ሰዎች የአናሳ ብሔር እውቅና ሰጠ። ማንነታቸው ምን ምን እንደሆነ ቆጥረው ሲያዩ ጸሎት ቤቱ ያጠፋው የጭፈራ ዜማ በአንድ ወገን፣ ጸሎት ቤቱ ያቆየው መዝሙር በሌላ ወገን ተገኘ። አንዱ እጅ ሲጥል አንዱ እጅ ሲያነሣ ማለት ነው፤ የአንድ ሰው ሁለት እጆች።

በእኛም አገር የሚያነሣው እጅ አልጠፋም። አስቴር ጋኖን የምታውቁ እጃችሁን አውጡ ብል ስንት እጅ ይወጣል? አስቴር በ1870ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የተወለደች የኦሮሞ ልጅ ናት። ለባርነት ተሸጣ ወደ ዐረብ አገር ስትጓዝ የጣሊያን መርከብ በ1886 አስጣላትና ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። እሷም ቀድሞ ባሪያ የነበረው ኦኔሲሞስ ነሲብም አብረው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ሠሩ፤ በ1899 ሙሉው ታተመ።

የእኔን ልብ የነካው ግን ሌላው ሥራዋ ነው። ይህች ወጣት አማኝ ቁጭ ብላ በልጅነቷ የሰማችውን ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን 500 ያህል ጻፈች። ከፊሉ በ1894 እሷና ኦኔሲሞስ ባሳተሙት የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ወጣ። አስቡት፤ የሰርግ ዘፈን፣ የእረኛ ዘፈን፣ የልጅ ማባበያ፤ "ዓለማዊ" የሚለውን ማኅተም ለመምታት የሚመች ሁሉ። ከእናቷ ቤት የቀራት ይኸው ነበር። መሬቷን፣ ዘመዶቿን፣ ነፃነቷን ወስደውባት፣ ዘፈኑን ግን ከአፏ ሊወስዱ አልቻሉም። ካመነች በኋላ አልጣለችውም፤ ለልጆች ማንበቢያ አደረገችው። በወንጌላውያን ታሪካችን ውስጥ የአባቶችን ዜማ ስለ መሰብሰብ የሚጠይቅ ሰው ካለ መልሱ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ተሰጥቷል፤ መልሱን የሰጠችውም ሴት ልጅ ናት።

ታዲያ በገናው የእኛ ነው ወይስ አይደለም? የኪቦርዱ ወንድማችን ሲጠይቀኝ የመለስኩለት እንዲህ ነው። ዳዊት የሁላችን ነው። በገናን ግን በጾም ሌሊት ይዘው ያቆዩት፣ በደርግ ዘመን ከግድግዳ ላይ ያላወረዱት የኦርቶዶክስ ቤቶች ናቸው፤ ያንን ሳናውቅ ከስልክ አውርደን መግቢያ ሙዚቃ ላይ ብናስገባው ድምፁን እንጂ በገናውን አልወሰድንም። በኪቦርዱ ውስጥ እንዚራ የለም። ሲቃኙ የሚጠበቅበት ጊዜ የለም። ከፈለግህ ሄደህ ተማር፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ የማታ የበገና ትምህርት ይሰጣል። ከመማርህ በፊት ደግሞ ስማ። የዓለሙ አጋ በገና "ኢትዮፒክስ" በሚባለው የሙዚቃ ተከታታይ 11ኛ ቅጽ ሆኖ ወጥቷል፤ ውስጡ "አባታችን ሆይ" አለ። ጌታ ያስተማረውን ጸሎት በዚያ ድምፅ ስማውና ከዚያ በኋላ እንነጋገር።

ሰማው። ለሦስት ሳምንት ያህል በኪቦርዱ ያንን ድምፅ አልነካም። በአራተኛው ቅዳሜ ሽማግሌው ራሳቸው መጡና ከልምምድ በኋላ ጠሩን። ያን ቀን ለምን ዝም እንዳሉ ሊነግሩን ነበር።

የቡልጋ ሰው ናቸው። አባታቸው በገና ደርዳሪ ነበሩ። እሳቸው አዲስ አበባ ለትምህርት መጥተው፣ በተማሪነታቸው ወንጌል ሰምተው አመኑ። አባታቸው ሲሞቱ ወንድሞቻቸው "ታላቁ አንተ ነህ፣ በገናው ላንተ ይገባል" ቢሏቸው "እኔ ከዚህ ነገር ወጥቻለሁ" ብለው እንቢ አሉ። ከወንድሞቹ የሚደረድር አልነበረም። በገናው ጥቂት ዓመት ጎተራ አጠገብ ተቀምጦ፣ ኋላ አሮጌ ዕቃ ለሚሰበስብ ነጋዴ ተሸጠ። በስንት እንደተሸጠ እንኳ አልጠየቁም። "በዚያን ጊዜ ለጌታ የከፈልኩት ዋጋ ይመስለኝ ነበር" አሉን። "አሁን ግን እንጃ። ጌታ ጠይቆኝ ነበር ወይስ እኔው ሰጠሁት?"

የኪቦርዱ ወንድማችን የማታ ትምህርት ሊመዘገብ እንዳሰበ ነገራቸው። በድምፅ ሳይሆን በዓይናቸው ሳቁ። የግራ እጁን ያዙና ጣቶቹን የወንበሩ መደገፊያ ጠርዝ ላይ አንድ በአንድ አስቀመጡለት፤ ስልሳ ዓመት ያልደረደረ ሰው እጅ አይመስልም ነበር። አውራ ጣቱን እዚህ፣ ሌባ ጣቱን እዚያ። አንዱን ጣት ሊያነሣ ሲል ግን ያዝ አደረጉት።

"ይሄኛው አይመታም" አሉት። "ጣት የሚያርፍበት ነው።"